የሠሩትን ማፍረስ ስለሚገባበት ጊዜ

በሀገራችን ልማድ የሠራ ይመሰገናል፤ ያፈረሰ ይወቀሳል። ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸ ንጉሥ፣ ድልድይ ያሠራ መኰንን፣ ለመንገደኛ የውኃ ጕድጓድ ያስቈፈረ ባለጸጋ ስሙ ከሞተ በኋላ በጸሎት ይታሰባል፤ «አፍራሽ» የተባለ ሰው ግን ያፈረሰው ነገር ምን እንደ ነበረና ስለ ምን እንዳፈረሰው ሳይጠየቅ፣ ከስድብ ሁሉ የከፋውን ስድብ ተሸክሞ ይኖራል። ይህ ፍርድ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም፤ ብዙ ጦርነት ያየ፣ ብዙ ቃጠሎ የደረሰበት፣ አባቶቹ በመከራ ያቆሙት ሁሉ በአንድ ቀን ሲወድም የተመለከተ ሕዝብ አፍራሽን ሊያከብር አይችልም። ይሁን እንጂ መጽሐፈ መክብብ ለሰው ሥራ ሁሉ ዘመን ሲመድብ ማፍረስንም ከማነጽ ጎን አስቀምጦታልና፣ ሰው በገዛ እጁ ያቆመውን፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ያፈሰሰበትን፣ ምናልባትም ሲመረቅ እልል የተባለለትን ሥራ መልሶ ማፍረሱ ጽድቅ የሚሆንበት ጊዜ አለን? የሚለውን ጥያቄ ቸል ብለን ልናልፈው አይገባንም። ጥያቄውን የማነሣው በአንድ ያረጀ የዐፈር ግድብ ምክንያት ነው።

በሰሜን አሜሪካ፣ ከኦሪገን ሐይቆች ተነሥቶ የሰሜን ካሊፎርኒያን ተራሮች ሰንጥቆ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጉዞ ካደረገ በኋላ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገባ ክላማዝ የሚባል ወንዝ አለ። በዚህ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ዩሮክ፣ ካሩክ፣ ሁፓ፣ ሻስታና ክላማዝ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ፤ ምግባቸውም ሥርዐተ አምልኮአቸውም ሳልሞን ከሚባለው ዓሣ መውጣትና መውረድ ጋር የተሳሰረ ነው። የዚህ ዓሣ ተፈጥሮ ድንቅ ነው። በወንዙ ራስ፣ በቀዝቃዛ ጅረት ጠጠር ውስጥ ይፈለፈላል፤ ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል፤ በዚያም ጥቂት ዓመታት አድጎና ወፍሮ፣ ጊዜው ሲደርስ የተወለደበትን ውኃ በማሽተት ለይቶ፣ ፏፏቴውን እየዘለለ ዐቀበቱን ይወጣል፤ ዕንቍላሉን በጠጠሩ ውስጥ ከቀበረ በኋላም ይሞታል። ከባሕር ተሸክሞ ያመጣው ሥጋ ለድብና ለንስር ሲሳይ፣ በወንዙ ዳር ለቆሙት ዛፎችም ማዳበሪያ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መንገድ ያስተማረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የጥያቄውን መልስ ከሥነ ፍጥረት ትምህርት ውጭ ሊያገኘው የሚችል አይመስለኝም።

በዚህ ወንዝ ላይ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል አራት ግድቦች ተሠሩ። ኮፕኮ ቍጥር 1 በ1918፣ ኮፕኮ ቍጥር 2 በ1925፣ ጄ. ሲ. ቦይል በ1958፣ የሁሉም ታናሽና የታችኛው የሆነው አይረን ጌት በ1962 ተፈጸመ። አይረን ጌት ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ የነበረው፣ መካከሉ ውኃ እንዳያሳልፍ በተጠቀጠቀ የሸክላ ዐፈር የተሞላ፣ ውጭው በድንጋይና በዐፈር የተደገፈ ግድብ ነበረ። ዓሣ የሚወጣበት መሰላል አልተሠራለትም። ስለ ምን እንደ ተሠራም ልብ ሊባል ይገባዋል። በላዩ ያሉት ኮፕኮዎች መብራት በሚፈለግበት ሰዓት ውኃውን ይለቁታል፤ በማይፈለግበት ሰዓት ይይዙታል፤ ስለዚህ የታችኛው ወንዝ በአንድ ቀን ውስጥ እየሞላና እየጎደለ፣ በዳር ለቆመ ዓሣ አጥማጅ አደጋ፣ ለዓሣውም ጥፋት ሆነ። ይህን ለማረም፣ የሚለቀቀውን ውኃ ይዞ በልክ የሚያሳልፍ ሌላ ግድብ አስፈለገ፤ እርሱም አይረን ጌት ነው። አይረን ጌት ደግሞ የዓሣውን መንገድ ፈጽሞ ስለ ዘጋ፣ የጠፋውን ለመተካት በሰው እጅ ዓሣ የሚፈለፈልበት ቤት መሥራት ግድ ሆነ። የፊተኛው ሥራ ያመጣውን ጕዳት ለመሸፈን ኋለኛው ሥራ ይጨመራል፤ የኋለኛው ያመጣውን ለመሸፈንም ሌላ ሦስተኛ ይከተላል። የንስሐ አባቶች አንድ በደል ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ ሲያስተምሩ የሚገልጹት ሥርዐት ይኸው ነው፤ ሰንሰለቱም የሚበጠሰው መጀመሪያውን ቀለበት በመፍታት እንጂ መጨረሻው ላይ ሌላ በመቀጠል እንዳልሆነ ያስተምራሉ።

ግድቦቹን የሠሩትን ሰዎች አልኰንንም። በ1918 የኤሌክትሪክ መብራት በአንድ ገጠር ሲበራ ታላቅ ጸጋ ነበረ፤ በዚያ ዘመን የነበረ መሐንዲስ የወንዙን ሕይወት ምሥጢር እኛ ዛሬ የምናውቀውን ያህል አያውቅም ነበር። ሳያውቁ የሠሩት ሥራ በደል የሚሆነው፣ ጕዳቱ ከታወቀ በኋላ እንዳልታወቀ ሆኖ ሲቀጥል ነው። በክላማዝም ጕዳቱ ታወቀ። ታግዶ የቆመው ውኃ በበጋ እየሞቀ መርዛም ዋቅላሚ አበቀለና፣ ሰው እንዳይነካው የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በሐይቁ ዳር እስኪተከል ድረስ አረንጓዴ ሆነ። በሴፕቴምበር 2002 ደግሞ በላይኛው አገር ለመስኖ ከተጠለፈው ውኃ የተነሣ ወንዙ አንሶና ሞቆ ሳለ፣ ወደ ላይ ለመውጣት በታችኛው ክፍል የተሰበሰበው ሳልሞን በበሽታ አለቀ፤ የሞተው ከ34,000 በላይ እንደ ሆነ ተቈጥሯል። የዚያ እልቂት ምክንያት ግድቦቹ ብቻ አልነበሩም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ነገር ግን የወንዙ ዳር ሕዝቦች ያን በድን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ግድቦቹ ይፍረሱ የሚለውን ጩኸት ማንም ዝም ሊያሰኛቸው አልቻለም። በ2004 የግድቦቹ ባለቤት የነበረው የፓሲፊኮርፕ ኩባንያ በአንድ የስኮትላንድ ድርጅት እጅ ነበርና፣ ባሕር ተሻግረው እስከ ስኮትላንድ ድረስ ሄደው አቤት አሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት ደርሰናል። የግድቦቹ ፈቃድ በ2006 ዐለቀ። ፈቃዱ እንዲታደስ መንግሥት ለዓሣ መተላለፊያ ይሠራ ዘንድ ግዴታ አደረገ፤ ኩባንያውም ሒሳቡን ሲያሰላ ግድቦቹን ከማደስ ይልቅ ማፍረሱ የሚቀል ሆኖ አገኘው። በ2010 ስምምነት ተፈረመ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀረ፤ በ2016 በሌላ መልክ ታደሰ፤ በኖቬምበር 2022 የኃይል ተቈጣጣሪው ኮሚሽን ግድቦቹ እንዲፈርሱ ፈቀደ። ለሥራው ከተመደበው 450 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 200 ሚሊዮኑ ከመብራት ተጠቃሚዎች፣ 250 ሚሊዮኑ ከካሊፎርኒያ ግዛት የተገኘ ነው። እንግዲህ አንድ አስተዋይ አንባቢ ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ ይህ የነጋዴ ሒሳብ እንጂ ምን ንስሐ ነው?» ሊለኝ ይችላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙም አሰላስዬበታለሁ። ነገር ግን በወንጌል የተነገረውን የጠፋውን ልጅ እናስብ። ያ ልጅ ከርኵሰት ቦታው የተነሣው በአባቱ ፍቅር ተቃጥሎ ነውን? አይደለም። የተነሣው ርቦት ነው፤ የእሪያዎችን ምግብ እስኪመኝ ድረስ ርቦት፣ በአባቱ ቤት ያሉት ሞያተኞች እንጀራ እንደሚተርፋቸው አስልቶ ነው። አባቱ ግን በመንገድ ሮጦ ሲቀበለው፣ «የተመለስህ በፍቅር ነው ወይስ በረኃብ?» ብሎ አልመረመረውም። ከዚህ የምማረው፣ የመመለስ ዋጋ የሚለካው በተነሣበት ምክንያት ንጽሕና ሳይሆን በደረሰበት ቦታ መሆኑን ነው። ረኃብ ሊያስነሣ ይችላል፤ ከተነሡ በኋላ ግን መንገዱን እስከ መጨረሻው መሄድ ከረኃብ የበለጠ ነገር ይጠይቃል። ክላማዝ ላይ የሆነውን ስመለከት፣ ኩባንያው በሒሳብ ተነሣ፤ ነገሩን እስከ ፍጻሜው ያደረሱት ግን በሒሳብ ያልተነሡት የወንዙ ዳር ሕዝቦች ናቸው።

ሥራው እንዴት እንደ ተፈጸመ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማፍረስን የአንድ ጊዜ ፍንዳታ አድርጎ ያስበዋል። የአይረን ጌት ሐይቅ መልቀቅ የጀመረው በጃንዋሪ 11 ቀን 2024 ነው። በግድቡ ሥር ያለው ዋሻ በር ሲከፈት ለ60 ዓመት ያህል ተኝቶ የነበረው ደለል እንደ ቡና አተላ የጠቈረ ውኃ ሆኖ ወጣ፤ ሽታውም ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከሐይቁ በታች የነበረው ሸለቆ እየተገለጠ ሲሄድ መጀመሪያ የታየው ውበት አልነበረም፤ ጥቁር ጭቃ ነበረ። አንዳንድ አጋዘን ወደ ውኃው ሲወርድ በጭቃው ተይዞ ሞተ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ከግድቡ በላይ ባለ ጅረት የተለቀቁ 830,000 ያህል የሳልሞን ጫጩቶች በዋሻው ሲያልፉ፣ በግፊቱ ለውጥ ምክንያት በደማቸው ውስጥ የአየር አረፋ ተፈጥሮ ሞቱ። እነዚያ ጫጩቶች ግድቡን አልሠሩም፤ በማፍረሱም ምክር አልገቡም፤ የሞቱት ግን እነርሱ ናቸው። በደል በሚታረምበት ጊዜ እንኳ ዕዳውን በደሉን ያልሠራ ፍጥረት ይከፍላል። ይህን እያወቅን መልካም ሥራ ነው ብለን በልበ ሙሉነት መናገር እንችላለን? እኔ እንችላለን እላለሁ፤ ነገር ግን በደስታ ጩኸት ሳይሆን ራስን ዝቅ በማድረግ ልንናገረው ይገባል። ቍስል ሲከፈት መግሉ ይወጣል፤ የመግሉ መውጣት ቍስሉን ሸፍነው ለኖሩት ክስ ነው።

ከሜይ እስከ ኦገስት ድረስ ግድቡ ራሱ በመቈፈሪያ መኪናዎች እየተናደ በካሚዮን ተጋዘ። የት ተወሰደ? በ1962 ግድቡ ሲሠራ ዐፈሩ ተቈፍሮ ከወጣበት፣ ከዚያው ከአቅራቢያው ኮረብታ ላይ ተመልሶ ተደለደለ። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ለመጓጓዣ ስለሚቀርብ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ነገር ግን አዳም ከዐፈር ተወስዶ ወደ ዐፈር እንዲመለስ የተነገረውን ፍርድ በየተዝካሩ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ይህን ነገር ያለ ተመስጦ ልናልፈው አንችልም። የሰው ሥራም እንደ ሰው ሁሉ የተበደረው ዐፈር አለበት። ያን ብድር ሳይመልስ የሚኖር ሥራ፣ ምንም ያህል ቢጸና፣ በሰው ገንዘብ የቆመ ነው።

በኦገስት 28 ቀን የመጨረሻው መከለያ ተከፍቶ ወንዙ ሙሉ በሙሉ ወደ ጥንት መሄጃው ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ቅደም ተከተል ስመለከት የትምህርተ አክሲማሮስ ነገር ትዝ ይለኛል። በማክሰኞ ዕለት ውኃው ወደ አንድ ስፍራ ተሰብስቦ የብሱ ተገለጠ፤ በዚያው ዕለት ምድር ዘር የሚሰጠውን ሣርና ፍሬ የሚያፈራውን ዛፍ እንደ ወገኑ አበቀለች፤ በኀሙስ ዕለት በውኃ ውስጥ የሚኖሩት ሕያዋን ተፈጠሩና፣ ሰው በዐርብ ከመፈጠሩ ዐስቀድሞ የመብዛትና የመባዛት በረከት ተቀበሉ። ዓሣ በዚህ በረከት የሰው ታላቅ ነው። በክላማዝም ሥርዐቱ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ ውኃው ሸሸና በሦስቱ ሐይቆች ሥር ተሸፍኖ የነበረው 2,200 ኤከር መሬት ተገለጠ። ቀጥሎ ዘር ተዘራበት፤ ይህም ዘር ከሥራው ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች፣ በአብዛኛው በዩሮክ ሰዎች እጅ ከነባሩ ሣርና አበባ ላይ እየተለቀመ፣ በእርሻ ተባዝቶ የተዘጋጀ ነበረ። ወደ መቶ የሚደርስ የዕፀዋት ዐይነት፣ በቢሊዮን የሚቈጠር ፍሬ፣ ጭቃው እየደረቀ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ በእጅ ተበተነ። በመጨረሻ ዓሣው መጣ። በኦክቶበር 16 ቀን 2024 ከአራቱም ግድቦች በላይ በሆነ በኦሪገን ባለ ጅረት ውስጥ ሳልሞን ታየ፤ በዚያ አገር ከ1912 ወዲህ ታይቶ አይታወቅም ነበር። በ2025 መከር ደግሞ ከዚያም ዐልፎ እስከ ላይኛው የክላማዝ ሐይቅ ደረሰ። የእነዚህ ዓሣዎች አያት ቅድመ አያት ያን ውኃ አላየም፤ መንገዱንም ያሳየ ሰው የለም።

ከዚህ ላይ ስለ ሰው ሥልጣን አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በዘመናችን ሁለት የሚቃረኑ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ሰው የፍጥረት ገዥ ነውና የወደደውን ያድርግ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይህን የሚሸሹ ሰዎች የገቡበት፣ ሰው በፍጥረት ላይ ሸክም ብቻ ነውና እጁን ያንሣ የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በገነት ሰባት ዓመት እየሠራና እየጠበቀ እንደ ኖረ፣ ሥራውንም መላእክት እንዳስተማሩት ይተርካል። ገነት እንኳ ሠራተኛና ጠባቂ ነበራት። ክላማዝም ላይ ሰው እጁን አላነሣም፤ ቈፈረ፣ አጋዘ፣ ለቀመ፣ ዘራ። ነገር ግን አንድን ሳልሞን ወደ ላይ እንዲወጣ ሊያዝዘው አልቻለም፤ አንዲትን ፍሬም ሊያበቅል አልቻለም። የቻለው ራሱ በመንገዱ ላይ ያስቀመጠውን ማንሣት ብቻ ነው፤ የቀረውን ከእርሱ በላይ የሆነ ፈጸመው። ካህናቶቻችን በመስተብቍዕ ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ሲለምኑ፣ እነዚህ ነገሮች በሰው እጅ እንዳልሆኑ እየመሰከሩ ነው። የእነ ዩሮክና ካሩክ ሕዝቦችም ከጥንት ጀምሮ ዓለምን ለማደስ የሚፈጽሙት ዓመታዊ ሥርዐተ ጸሎት አላቸው። ሃይማኖታችን ከሃይማኖታቸው የተለየ ነው፤ ይሁን እንጂ ምድር በየዓመቱ የሚጸለይላት፣ የሚተጋላት መሆኗን በማወቅ ከብዙ የሠለጠኑ ከተሞች ይልቅ ለእኛ የቀረቡ ናቸው።

አባቶች ንስሐ ጸጸት፣ ኑዛዜና ቀኖና አለው ይላሉ። ጸጸት ያለ ቀኖና የቃል ነገር ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ገንዘብ የወሰደ ደግሞ ካልመለሰ ቀኖናው ሙሉ አይሆንም፤ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ያታለለውን አራት ዕጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው ስለዚህ ነው። የክላማዝ ግድቦች ሲሠሩ የሻስታ ሕዝብ መንደርና መቃብር በውኃ ሥር ቀርቶ ነበር። በጁን 2024 የካሊፎርኒያ ገዥ፣ በኮፕኮ ሐይቅ ሥር የነበረውንና በዙሪያው ያለውን 2,800 ኤከር መሬት ለሻስታ ሕዝብ ለመመለስ መንግሥታቸው መወሰኑን አስታወቁ። ውኃው ለወንዙ ተመልሶ መሬቱ ለባለቤቱ ባይመለስ ኖሮ ሥራው እኩሌታ ንስሐ ይሆን ነበር። በ2025 በጋ የእነዚህ ሕዝቦች ወጣቶች ከወንዙ ራስ ተነሥተው በትናንሽ ጀልባ እየቀዘፉ አንድ ወር ያህል ተጕዘው ባሕር ደረሱ።

የጠፋባቸውም አሉ፤ እነርሱን መርሳት ግፍ ነው። በኮፕኮ ሐይቅ ዳር ቤት የሠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ በጡረታ ዘመናቸው በውኃ ዳር ለመኖር ያለ የሌለ ገንዘባቸውን ያወጡ፣ አንድ ቀን ጧት ተነሥተው በደጃቸው ሐይቅ ሳይሆን ጭቃ አዩ። ኤሌክትሪኩም ቀረ። ለአንዱ የተመለሰው ከሌላው የተወሰደ መሆኑን ሳይናገር የሚያልፍ ጸሐፊ ስለ ፍትሕ ሊናገር አይገባውም። እኔ የማምነው የወንዙ ዳር ሕዝቦች ማጣት በጊዜም በጥልቀትም የበለጠ መሆኑን ነው፤ ቢሆንም ሐይቁን ላጡት ሰዎች ያ ፍርድ መጽናኛ አይሆንም።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ለምን ትጽፈዋለህ፣ እኛ ግድብ ለመሥራት የምንደክም እንጂ ግድብ የበዛብን ሕዝብ አይደለንም የሚል አንባቢ እንዳለ ይታወቀኛል። እውነት ነው። በዓባይ ላይ፣ በጉባ፣ በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቅ ግድብ ሕዝቡ ከዕለት ጕርሱ ከፍሎ የሠራው ነው፤ በእንጨትና በኩበት ጢስ ዓይኗ የሚጠፋ እናት ባለችበት አገር ስለ ብርሃን መድከም የተቀደሰ ሥራ ነውና ለዚህ ግድብ ዕድሜና ጠባቂ እለምናለሁ። የእኔ ነገር ይህን አይቃወምም፤ ይልቁንም ከዚህ ይከተላል። የሚሠራ ሕዝብ የሠራው እንዴት እንደሚያረጅ ማወቅ አለበትና። በሰሜኑ አገራችን ለመስኖ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ የዐፈር ግድቦች፣ በላያቸው ያለው ተራራ ተራቍቶ ስለ ነበረ፣ የታሰበላቸውን ዘመን ሳይፈጽሙ በደለል ተሞልተዋል።

የዐፈር ግድብ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጠባቂ ይፈልጋል። ውኃ ከአናቱ ላይ ቢያልፍበት ይበላዋል፤ በሆዱ ውስጥ ከጣት የቀጠነ መንገድ ቢያገኝ አንድ አንድ ፍሬ ዐፈር እየወሰደ ያሰፋዋል፤ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ውኃ እዚህ ላይ ይታያል። በፔንሲልቫኒያ ግዛት ከጆንስታውን ከተማ በላይ የነበረውን የሳውዝ ፎርክ የዐፈር ግድብ ባለጸጎች ለመዝናኛቸው ገዝተውት ነበር፤ የማስተንፈሻ ቧንቧዎቹ ዐስቀድመው ተነቅለው ሳለ አልተተኩም፤ ዓሣቸው እንዳያመልጥም በማፍሰሻው ላይ ወንፊት ተደረገ። በሜይ 31 ቀን 1889 ብዙ ዝናም ዘንቦ ግድቡ ተናደና 2,209 ሰዎች ሞቱ። ባለቤቶቹ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አሉ፤ ፍርድ ቤትም ካሣ እንዲከፍሉ አልፈረደባቸውም። በሊቢያ ከደርና ከተማ በላይ በ1970ዎቹ የተሠሩት ሁለት ግድቦችም ጥገና ተነፍገው ኖረው፣ በሴፕቴምበር 2023 በአንድ ሌሊት ፈርሰው ብዙ ሺሕ ሰው ጨረሱ። ዝናሙን እግዚአብሔር ያዘንባል። ወንፊቱን ያደረገው፣ ቧንቧውን ያልተካው፣ የጥገናውን ነገር ችላ ያለው ግን ሰው ነው፤ የሰውን ቸልታ የእግዚአብሔር ቍጣ ብሎ መጥራት ስሙን በከንቱ ከማንሣት የሚቈጠር ይመስለኛል። ያረጀን ግድብ የሚጠብቀው ካለ ይጠበቅ፤ የሚጠብቀው ከሌለ ይፍረስ፤ ሳይጠበቅም ሳይፈርስም የሚተው ግን በታች ለተኙት ሰዎች የተጠመደ ሞት ነው።

ስለዚህ በሀገራችን ግድብ የሚያሠሩ ሹማምንትና የሚሠሩ መሐንዲሶች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ። የእያንዳንዱ ግድብ ውል ሲጻፍ፣ ስንት ዓመት እንዲያገለግል እንደ ታሰበ፣ በየዓመቱ ማን እንደሚመረምረው፣ ደለሉን ለመከላከል በላዩ ያለውን ተራራ ማን እንደሚያለማው፣ ዕድሜው ሲፈጸምም ማን በምን ገንዘብ እንደሚያፈርሰውና መሬቱ ለማን እንደሚመለስ በዚያው ውል ውስጥ ይጻፍ፤ ገንዘቡም ከመጀመሪያው ዓመት ገቢ ጀምሮ ይቀመጥ። በግድቡ ሥር የሚኖረው ገበሬም ውሉ እንዲነበብለት ይጠይቅ።